እሺ በይን

ብዙወርቅ ያቺን ነገር ከአፏ ካወጣች ሦስት ወር ሊሆናት ነው። ዛሬም ግን ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ልብስ ስታጥብ፣ ፀጉሯን ስታበጥር ድንገት ትዝ ትላትና ፊቷ ይግላል። «ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!» ትላለች ለብቻዋ። ምን ዋጋ አለው? ባሏ እንደሆነ ሰምቷል፤ ሰምቶም ሄዷል።

ነገሩ የተነሳው እራት ላይ ነው። ባሏ ጸጋአብ የእንስሳት ሐኪም ነው። የሚሠራው ካንጋተን፣ ኦሞ ወንዝ ማዶ፣ ከኛንጋቶም አርብቶ አደሮች ከብቶች ጋር ነው። ጂንካ ብቅ የሚለው በወር አንዴ፣ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ቦርሳው በቆሸሸ ልብስ ተሞልቶ ነው። ብዙወርቅ ይህን ኑሮ ችላ ኖራለች፤ ሰው ናትና ግን ሰልችቷታል። እናም እዚሁ ጂንካ አንድ ክፍት የሥራ ቦታ ተገኘ፣ ለጸጋአብ ሊሰጥ ነው ሲባል በደስታ አበደች። አዲስ መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለች። ለጎረቤቱ ሁሉ «ባሌ ጠቅልሎ ሊገባልኝ ነው» እያለች አወራች። ጸጋአብ መጣና፣ እንጀራውን እየጠቀለለ ቀስ ብሎ ነገራት።

«ብዙዬ፣ ያንን ቦታ ለቀቅኩት እኮ። ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ይሁን አልኩ። ሚስቱ ታማለች፣ ሐኪም ቤት አጠገብ መሆን አለባት። እኛ ጤነኞች ነን፣ ሌላ ጊዜ ይደርሰናል።»

ሌላዋ ሚስት ብትሆን ምን ትል እንደነበር እንጃ። የብዙወርቅ ግን ደሟ ፈላ።

«ሳትጠይቀኝ? እኔ እዚህ ግድግዳ ሳይ እየዋልኩ አንተ ለሰው ሚስት ታስባለህ? አባቴ እውነታቸውን ነው! ‹ይሄ ልጅ ቤት አያቆምልሽም› ብለውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት!»

ይህቺው ናት። ለሌላ ሰው ተራ የንዴት ቃል ናት፤ ለጸጋአብ ግን አጥንት ድረስ የምትገባ ነበረች። የብዙወርቅ አባት አቶ ሀብተ ማርያም አያታቸው ከመንዝ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸውም አውሮፕላን ሜዳው አጠገብ ትልቅ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ስማቸው የሚጠራ የጂንካ ሰው ናቸው። የጸጋአብ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአሪ ገበሬ ነበሩ። ከደጋው ቡና ተሸክመው እየወረዱ ለአቶ ሀብተ ማርያም ያስረክቡ ነበር፤ ከሱቁ ደረጃ አልፈው ግን አንድ ቀን ወደ ውስጥ ግቡ ተብለው አያውቁም። ልጃቸው ተምሮ ሰው ሆኖ ብዙወርቅን ሲጠይቅ፣ አቶ ሀብተ ማርያም «ደረጃዬ ላይ ቆሞ ቡና ሲያስመዝን የኖረ ሰው ልጅ ሳሎኔ ሊገባ ነው?» አሉ። ልጅት ግን ወዳዋለች፤ ምን ይደረግ? ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙ። አባትየው «እግሬ ያንን ቤት አይረግጥም» ብለው ማሉ፤ ይኸው ሦስት ዓመት መሐላቸውን ጠብቀዋል።

እና ጸጋአብ ያን ቀን አልጮኸም። የጠቀለለውን እንጀራ ሳይጎርስ ትሪው ላይ መለሰው። ቀና ብሎ አያት። ያ አስተያየቱ! ሰው እንዲህ በዓይኑ ሲሰበር አይታ አታውቅም።

«እንደዚያ ነው የምታስቢው?» አላት።

«አይደለም» ማለት ትችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ኩራቷ ግን አላስባላትም። በማግስቱ ጸጋአብ ዶፍ ዝናብ ላይ ወጥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም፣ አልደወለምም። እሷም አልደወለችም። «እሱ ይቅደም» አለች። እሱም ካንጋተን ሆኖ «እሷ ትቅደም» ሳይል አይቀርም። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች እንዲህ እየተጠባበቁ እንዴት እንደሚጎዱ የደረሰበት ያውቀዋል።

ብዙወርቅ የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ ዳገቱ ላይ፣ ማኅበር ሰፈር በሚባለው አዲስ መንደር ነው። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ጭቃው ጫማ የሚያስቀር፣ ዝናብ ሲጥል ባጃጅ እንኳ እምቢ የሚል ሰፈር ነው። ወንዶቹ አንዱ ሐመር፣ አንዱ ዳሰነች፣ አንዱ ሳላማጎ ተመድበው ስለሚሠሩ በሥራ ቀን በሰፈሩ የሚታየው ወንድ ወይ ጡረተኛ ነው ወይ የታመመ። ሰፈሩ የሴቶች ነው። ውሃ ሲጠፋ አብረው ይቀዳሉ፣ ሲያማቸው ይጠያየቃሉ፣ ሲከፋቸው አንዷ ሌላዋ ቤት ገብታ ታለቅሳለች።

የብዙወርቅ ማልቀሻ ቤት የሙሉሽ ቤት ነበር። ሙሉሽ የሳውላ ልጅ ናት፤ አስተማሪ፣ ሳቂታ፣ አፏ የማያርፍ። ባሏ ተስፋሁን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሲሆን ለትምህርት አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል። ብዙወርቅ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የጋብቻዋ ምስክር ሆና የፈረመችላት ሙሉሽ ናት። ሁለቱ ሴቶች በጋራ አጥራቸው ላይ ትንሽ የቆርቆሮ በር አስከፍተው፣ ጨው ሲያልቅ በዚያ፣ ወሬ ሲመጣም በዚያ ይመላለሱ ነበር።

ጸጋአብ ከሄደ ጀምሮ ሙሉሽ በዚያች በር ሳትመጣ የዋለችበት ቀን የለም። «ዛሬስ ምን በላሽ?» ትላታለች። «ቆሎ።» «ቆሎ ምግብ ነው? ባል ቢሄድ ጨጓራም አብሮ ይሂድ ተባለ? ነይ እቴ፣ ጎመን ሠርቻለሁ።» ብዙወርቅ ከዚያች ሴት ጎን ስትቀመጥ ቢያንስ ትንፋሿ ይመለስ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉሽ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። «ብዙዬ፣ እስኪ ማን እንደሆነ እይልኝ!» አለች ከውጭ። ብዙወርቅ ብድግ ብላ አየች። «ጸጋአብ ካንጋተን» ይላል።

ለሚስቱ ያልደወለ ሰው ለጎረቤቷ ይደውላል? ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ወዲያው ሙሉሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባችና ስልኳን አየችው፤ ቶሎ ብላም ኪሷ ከተተችው።

«ማነው?» አለች ብዙወርቅ፣ ያላየች መስላ።

«ማንም አይደለ፤ የትምህርት ቤት ሰው ነው።»

በቃ። ብዙወርቅ ሻርፗን አንስታ ወጣች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም፣ አልተጣላችም። እቤቷ ገብታ መዶሻና ምስማር ፈለገችና ያቺን ትንሽ በር ከበኩሏ ቸነከረቻት። ሙሉሽ ከአጥሩ ወዲያ «ብዙዬ! ምን ሆነሽ ነው? ምን አደረግኩሽ?» እያለች ስትጣራ ምስማሩን የበለጠ ትመታዋለች። መዶሻው ጣቷን አገኘው፤ ሕመሙ ግን ከውስጧ ሕመም አልበለጠም። ባሏን ማጣት አንድ ነገር ነው፤ ጓደኛን አብሮ ማጣት ግን ለማን ይነገራል? እንዲያ ዓይነት ብቸኝነት ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር።

እንዲህ ሆና ሰነበተች። እሑድ ጠዋት ነበር፤ ሌሊቱን ዘንቦ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ብዙወርቅ ሰፌድ ይዛ ምስር ስትለቅም በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል።

ከፊት የሰፈሩ የእድር ዳኛ ጋሽ ጎሳዬ ናቸው። ጋሽ ጎሳዬ ሥርዓት የሚባል ነገር ይወዳሉ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ የወንበሩ መስመር ከተዛባ ይቆጣሉ። ቀጥሎ የጸጋአብ አጎት አቶ አለማየሁ ናቸው። ከኋላቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ፣ ዳገቱ ያስቆረጠውን ትንፋሻቸውን የሚሰበስቡት ደግሞ…

«አባባ?» አለች ብዙወርቅ። ሰፌዱ ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

አቶ ሀብተ ማርያም ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ዓመት! አባቷ ሸብተዋል፤ ትከሻቸውም ጎብጧል። ሆዷ ባባ። ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ወረራት።

«ግቡ አባቶቼ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች።

ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። ጋሽ ጎሳዬ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መቀመጡን እንቀመጣለን ልጄ። መጀመሪያ የመጣንበትን ጉዳይ እሺ በይን።»

ሥርዓቱ ይኸው ነው። ሽማግሌ ጉዳዩን አስቀድሞ አይዘረግፍም፤ እሺታውን ተቀብሎ ነው ነገሩን የሚያወጣው። ብዙወርቅም ታውቀዋለች። አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዱ በባሏ ወገን፣ አንዱ በእሷ ወገን፣ የእድሩ ዳኛ በመሀል። አምና ከታች በኩል ያለችው ጎረቤቷ ስትፋታ እንዲሁ ነበር የቆሙት። ለዕርቅ ቢሆን አባቷ ይመጣሉ? በሕልሟም! ይህን ጋብቻ ሲረግሙ የኖሩ ሰው ናቸው። የሚመጡት እንዲፈርስ ብቻ ነው። ጸጋአብ ቆርጧል ማለት ነው። ምናልባት ደግሞ ስልኩ ላይ ያየችው ነገር እውነት ነው ማለት ነው።

ያ ሁሉ ኩራቷ የት እንደገባ እንጃ፤ ውስጧ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባሏን አትሰጥም!

«እሺ አልልም» አለች።

ጋሽ ጎሳዬ ደነገጡ። «እስኪ ረጋ በይ ልጄ። ሽማግሌ እኮ ነን።»

«ይቅር በሉኝ አባቶቼ። የመጣችሁበትን አውቀዋለሁ። በዚህ ጉዳይ እስክሞት እሺ አልልም!» ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ እርስዎስ? ሦስት ዓመት ሙሉ ያልረገጡትን ቤት ዛሬ የረገጡት ለዚህ ነው?»

«ልክ ነሽ ልጄ» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም በቀጭን ድምፅ። «በእኔ የመጣ ነገር እሺ አይባልም። ይገባኛል።»

አንድ በአንድ ወጡ። ጋሽ ጎሳዬ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሥርዓቱ ትዝ አላቸው መሰለኝ መልሰው ዘጉት። ብዙወርቅ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። እያለቀሰችም «ቤቴን አላስፈረስኩም፣ ተመስገን፣ አላስፈረስኩም» ትል ነበር። አቤት የሰው ነገር!

ጥቂት ቆይቶ ከጓሮ በኩል ቆርቆሮ ሲገነጠል ተሰማ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ብዙወርቅ ደንግጣ ስትነሳ ሙሉሽ በጓሮ በር ገብታ መሀል ሳሎን ቆማለች። ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ከቀኝ እጇ ደም ይንጠባጠባል።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?» አለች ሙሉሽ።

«ከቤቴ ውጪልኝ!»

«እወጣለሁ። መጀመሪያ ንገሪኝ፤ ባልሽን ለምን አባረርሽው?»

«ባሌን? ባሌን ማን አየው?»

«ከአጥርሽ ውጪ የመብራቱ ምሰሶ ሥር ቆሞ ነበር እኮ! ሽማግሌ ገብቶ እሺ እስክትይ ድረስ ውጭ ቆሞ መጠበቅ አለበት ብለው ጋሽ ጎሳዬ እንደ ተማሪ አቁመውት! በመስኮቴ እያየሁት ነበር። ‹እስክሞት እሺ አልልም› ማለትሽን ሲነግሩት ምሰሶውን ይዞ ነው የቆመው። ‹አስቸገርኳችሁ አባቶቼ› ብሎ ቦርሳውን አንስቶ ወረደ።»

«ሊያፋቱኝ ነው እኮ የመጡት።»

«ማን ነው የሚያፋታሽ?»

«አባባ… አባባ መጥተው የለ…»

«አባትሽን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ!» ሙሉሽ ጮኸች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቃቸው ሄጄ አግዳሚው ላይ እየተቀመጥኩ ነው ያመጣኋቸው። መጀመሪያ ‹ጨርቅ ካልገዛሽ ተነሺ› አሉኝ። ጨርቅ ገዛሁ። የማልሰፋው ጨርቅ ቤቴን ሞልቶታል! ‹ልጅዎ እየከሳች ነው› አልኳቸው። ‹ባሏ ጥፋቷን ለማንም አልተናገረም፤ ያለችው ቃል ግን የእርስዎ ቃል ነው› አልኳቸው። ያኔ ‹ተነሺ› ማለታቸውን ተዉ። ባለፈው ሳምንት ራሳቸው ደውለው ‹ከነማን ጋር ልሂድ?› ብለው ጠየቁኝ። ጸጋአብንም ‹ና፣ ሽማግሌ ተዘጋጅቷል› ያልኩት እኔ ነኝ። ሊታረቅሽ ነው የመጣው፣ አንቺ ጉደኛ!»

«ያ ስልክ…» አለች ብዙወርቅ።

«የቱ ስልክ?» ሙሉሽ አየቻት። ቀስ በቀስ ነገሩ ገባት። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ሁሉ ረገፈ፤ የተተካው ነገር ከቁጣ የከፋ ነበር። «አይተሽው ነበር? በሩን የቸነከርሽው ለዚህ ነው? እኔን? … ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ እየወጣ እኮ ነው የሚደውለው! ‹በላች ወይ? ሳቀች ወይ? እንዳትነግሪያት፣ በራሷ ጊዜ ትጥራኝ› ይለኛል። ሌላ ወሬ የለውም።»

ብዙወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። እጇን ወደ ጓደኛዋ ዘረጋች፤ ሙሉሽ ግን ትከሻዋን ይዛ ወደ በሩ ገፋቻት።

«እኛ በኋላ እንጣላለን። የካንጋተን መኪና አራት ሰዓት ላይ ይነሳል። አሁን ሩጪ!»

ብዙወርቅ ሮጠች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ እጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አላነሳችውም። ዳገቱን ቁልቁል ስትወርድ ተንሸራተተች፣ ተነሳች፣ ደግሞ ሮጠች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች «እሜቴ ማርያም! ምን አገኛት?» እያሉ መንገድ ለቀቁላት። እሷ የምትሰማው የልቧን ምት ብቻ ነበር። «አምላኬ፣ መኪናውን ያዝልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም» ትላለች።

መናኸሪያው አፋፍ ላይ፣ ሾፌሩ አብነት የበቆሎ ጆንያ፣ ሳሙናና ፍራሽ የጫነችውን ፒካፑን ገመድ እያጠበቀላት ነበር። መንገዱ ዘቅዛቃ ስለሆነ የኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደርጎላታል። ጸጋአብ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሟል። የአባቷ እጅ ደግሞ፣ ያ ሲያባርረው የኖረው እጅ፣ የጸጋአብ ትከሻ ላይ ነው።

«ጸጋዬ!» አለች ብዙወርቅ።

ዞረ። ከስቷል፤ ጉንጩ ሰርጉዷል። ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ ጭቃዋን፣ ባዶ እግሯን፣ እንባዋን።

«ምነው ብዙወርቅ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አላት። «ብዙዬ» አላላትም። ያ ከሁሉ በላይ ጎዳት።

ዙሪያዋን ስታይ ያ ጎማው ሥር ያለው ድንጋይ ዓይኗ ገባ። ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ከተተችና ጎተተችው።

«ኧረ እህቴ! መኪናዬ!» ብሎ አብነት እየጮኸ ዘሎ ገባና ፍሬኑን ረገጠ። ለብዙወርቅ ግን የምን መኪና? ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ ጫነችና ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ ሲንበረከክ ጂንካ አይታ ታውቃለች፤ ሚስት መሀል መንገድ ላይ እንዲህ ስታደርግ ግን ያየ ሰው ጥቂት ነው።

«አጥፍቻለሁ» አለች። «ያን ቀን ‹እንደዚያ ነው የምታስቢው?› ስትለኝ ‹አይደለም› ማለት ነበረብኝ። ኩራት ይዞኝ ዝም አልኩ። አንተ ከሄድክ ወዲህ በየቀኑ ለግድግዳው ስነግረው ነው የከረምኩት። አይደለም ጸጋዬ! አንተን የመሰለ ባል ሌሎች የላቸውም እያልኩ ነው የማስበው። ለሰው ሚስት ማዘንህ እንኳ ያኔ ያናደደኝን ያህል ዛሬ ያኮራኛል። ሽማግሌዎቹን እሺ አልልም ያልኩት ሊያፋቱኝ የመጡ መስሎኝ ነው። አንተን አልሰጥም ብዬ ነው!»

የጸጋአብ ቦርሳ ከትከሻው ወደቀ። ወደ እሷ ሊሄድ ሲል አንድ ሌላ እጅ ቀደመው። አቶ ሀብተ ማርያም ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከልጃቸው ማጅራት ላይ ያዙት።

«ወዲህ በይው» አሉ።

«አባባ ተዉ፣ ይከብድዎታል!»

«እንደሚከብድ አውቃለሁ። የኔ ነዋ!»

ሽማግሌው ድንጋዩን እየተንገዳገዱ አነሱና የራሳቸው ማጅራት ላይ ጫኑት። ጋቢያቸው እጭቃው ላይ ወደቀ። ፊታቸውን ወደ ጸጋአብ አዙረው ጎንበስ እንዳሉ ተናገሩ።

«ያቺ ቃል የኔ ቃል ናት ልጄ። ይቺ ልጅ ከእኔ አፍ ሰምታ ነው። አባትህን ስንት ዘመን ደረጃዬ ላይ አቆምኳቸው። ዝናብ ሲጥል እንኳ ግቡ አላልኳቸውም። ዛሬ እሳቸውን ይቅርታ ልጠይቅ ብል አፈር ቀደመኝ። ያለኸኝ አንተ ነህ። ማረኝ።»

አቶ አለማየሁ፣ የሟቹ ወንድም፣ ፊታቸውን አዙረው በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጸጋአብ ደግሞ ጭራሽ መቆም አልቻለም።

«ነውር ነው አባባ! ነውር ነው! እርስዎ ለእኔ ድንጋይ አይሸከሙም!» ድንጋዩን ነጥቆ ወረወረውና ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። አቶ ሀብተ ማርያም በሁለት እጃቸው አነሱት፤ ግንባሩን ሳሙት፣ ጉንጩን ሳሙት፣ ደግመው ግንባሩን ሳሙት። የሦስት ዓመት ሁሉ ውዝፍ ነበር።

ከዚያ ጸጋአብ ሚስቱን ከጭቃው አነሳት። «እኔም አጥፍቻለሁ» አላት ጆሮዋ ሥር። «ሳልጠይቅሽ መወሰን አልነበረብኝም። ሦስት ወር ማኩረፍስ ምን የሚሉት ወንድነት ነው? ብዙዬ…»

ብዙዬ! ያቺን ስም ስትሰማ ያ ሁሉ ወር እንደ ክፉ ሕልም ከላይዋ ተነሳ።

ጋሽ ጎሳዬ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «እንግዲህ እሺ ብላለች ማለት ነው?» አሉ። «በሥርዓቱ አፍ አውጥታ ትበል እንጂ! እንዲህ በጭቃ ውስጥ የሚያልቅ ሽምግልና አላየሁም!»

«እሺ!» አለች ብዙወርቅ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «እሺ አባቶቼ! እሺ! እሺ!» ተከትለዋት የወረዱት ሴቶች እልል አሉ፤ አብነትም የመኪናውን ጥሩምባ ነፋው።

ከሰዓት በኋላ የብዙወርቅ ሳሎን ሞላ። አቶ ሀብተ ማርያም አዲሱ መጋረጃ ሥር ተቀምጠው ስለ ካንጋተን ከብቶች አማቻቸውን ይጠይቃሉ፤ ጸጋአብም በእጁ እያሳየ ያስረዳቸዋል። ጎረቤቱ ሁሉ አለ። ሙሉሽ ግን የለችም።

ብዙወርቅ ይህን ስታይ ተነስታ በጓሮ ወጣች። ሙሉሽ ከራሷ ቤት ኋላ ደረጃ ላይ ተቀምጣ የተቧጨረ እጇን በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። ብዙወርቅ ምንም ሳትል ጉልበቷ ላይ ወደቀች።

«ተነሺ እቴ» አለች ሙሉሽ። «ዛሬ በጉልበትሽ ስትሄጂ ነው የዋልሽው።»

«ቤቴን ያቆምሽልኝ አንቺ ነሽ። ባሌንም አባቴንም የመለስሽልኝ አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ ጠረጠርኩሽ። እግዜር ይስጥልኝ ብል ያንስብኛል ሙሌ፤ ምን ልበልሽ? ማሪኝ።»

«ያ ነው የቆረጠኝ፤ መጠርጠርሽ። ሌላውን ትቼዋለሁ።» ከማዶ ሳሎን የወንዶቹ ሳቅ ይሰማል። «ደግሞ እኔም ዋሽቼሻለሁ፤ የትምህርት ቤት ሰው ነው አልኩሽ። ተያይዘን ነው ያጠፋነው። ምሬሻለሁ፤ ተነሺ።»

ብዙወርቅ ተነስታ ጎኗ ተቀመጠች። የተጎዳውን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ጨርቁን በወግ ጠቀለለችላት። ሙሉሽ ወደ አጥሩ እያየች፣ እንደ ተራ ወሬ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ለምን እንደዚያ እንደደከምኩ ታውቂያለሽ? ተስፋሁን ከፋሲካ ወዲህ አልደወለልኝም። ስደውል ‹ክፍል ውስጥ ነኝ› ይላል። እሑድም ክፍል ውስጥ ነው። ባልሽ ደውሎ ‹በላች ወይ?› ሲለኝ፣ ‹እንዲህ የሚጠየቅላት ሴት አለች› እላለሁ ስልኩን ዘግቼ። ቢያንስ አንዱ ቤት ይትረፍ ብዬ ነው።»

ብዙወርቅ ደነገጠች። ያ ሁሉ ጎመን፣ ያ ሁሉ ቀልድ፣ ያ ሁሉ «ዛሬስ ምን በላሽ?» እያለ አንዲት ቀን «አንቺስ?» ብላ ጠይቃት አታውቅም ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ እያለቀስሽ ነበራ! ሁለታችንም ካለቀስን ማን ያባብለናል?»

ሙሉሽ ይህን ብላ እንደ ልማዷ ልትስቅ ሞከረች። ብዙወርቅ ክንዷን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ራሷ ሳበቻት።

«እኔ ዛሬ ጨርሻለሁ» አለቻት። «አሁን ያንቺ ተራ ነው። አልቅሺ።»

ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። ሙሉሽ ግንባሯን የጓደኛዋ ደረት ላይ ደፍታ፣ ስትሸሽገው የከረመችውን ሁሉ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰችው። ከማዶ ጸጋአብ «ብዙዬ፣ የት ገባሽ? አባባ እየጠሩሽ ነው!» ብሎ ተጣራ። ያንን ድምፅ ለመስማት ሦስት ወር ሙሉ ስትቃጠል የኖረችው ብዙወርቅ ዛሬ ግን ከዚያች ደረጃ ለመነሳት አልቸኮለችም።